የእግሬ አውራ ጣት ያስተማረኝ ኬሚስትሪ

የፋሲካ ማግስት ሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፡፡ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ነበር፡፡ መጀመሪያ አንዳች ነገር የነደፈኝ መስሎኝ መብራት አብርቼ አልጋውን ፈተሽኩ፡፡ ምንም የለም፡፡ ጣቴ ግን ቀልቷል፤ አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፡፡ ብርድ ልብሱ ይቅርና ስስ አንሶላ ሲነካው እንኳ ጥርስ ያስነክሳል፡፡ ባለቤቴ ተነስታ አየችኝና፣ ሀዘኔታና ወቀሳ በተቀላቀለበት ድምጽ ፍርዷን ሰጠች፡- “ዱለቱ ነው! ብዬህ ነበር እኮ!”

እውነቷን ነው፤ ብላኝ ነበር፡፡ ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ የመጣ ፋሲካ ነውና ዶሮው፣ ቁርጡ፣ ዱለቱ፣ ቢራው... ሁሉም በአንድ ቀን ሆነ፡፡ ሲነጋ ለአጎቴ ደወልኩ፡፡ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፡፡ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ በዓመት ሁለት ሶስቴ እግሩን ይዞት ሲያነክስ አውቀዋለሁ፡፡ የሆንኩትን ስነግረው ሳቀ፡፡ “እንኳን በደህና መጣህ! የአባቶችህ ርስት ነው፤ ሪህ ይባላል፡፡ መርፌህን ተወጋና ስጋ ተው” አለኝ፡፡

በዚያው ቀን ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፡፡ ዩሪክ አሲድ፡- 6.4፡፡ “ኖርማል ነው፤ ሪህ አይደለም፡፡ ጫማ ይሆናል፣ ወይ ሳያውቁት ተጋጭተው ይሆናል” ተባልኩና የህመም ማስታገሻ ተወግቼ ተመለስኩ፡፡ በአስረኛው ቀን ህመሙ ራሱ ጥሎኝ ሄደ፡፡ እኔም ረሳሁት፡፡ ለመስቀል ተመለሰ፡፡ ለገና ደገመ፡፡ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሶስት ዓመት በመርፌ አለፈ፡፡ በመሃሉ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ፡፡ አንዱ ስጋ ተው ይለኛል፣ ሌላው ምስርና ሽሮም ነው ይለኛል፣ ሶስተኛው ደግሞ ቲማቲም፡፡ ከገበታው ላይ የቀረኝ እንጀራው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል!

አሳፋሪው ነገር ሌላ ነው፡፡ እንጀራዬ ባንክ ቤት ይሁን እንጂ ዲግሪዬ ኬሚስትሪ ነው፡፡ ዩሪክ አሲድን በወረቀት ላይ ስዬ፣ ማርክ አግኝቼበት የተመረቅሁ ሰው ነኝ፡፡ በገዛ ጣቴ ውስጥ ሲቀመጥ ግን አላወቅሁትም፡፡ በመጨረሻ አንድ ሐኪም፣ ህመሙ ከለቀቀኝ ከሶስት ሳምንት በኋላ ምርመራውን አስደገሙኝ፡፡ 9.1 ሆነ፡፡ “ሪህ ሲነሳ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሊወርድ ይችላል፤ በህመሙ ቀን የተገኘ ‘ኖርማል’ ነጻ አያወጣም” አሉኝ፡፡ ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፡፡ “ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ አላልክም? ይሄ ነገር የሚሟሟው እስከ ስንት ድረስ ነው?”

መልሱን አላስታወስኩም፡፡ ቤቴ ገብቼ የድሮ መጽሐፌን አቧራውን አራግፌ ከፈትኩ፡፡ የሶስት ዓመት ስቃዬ በአንዲት ሞለኪውል ቅርጽ ውስጥ ተጽፎ አገኘሁት፡፡ እስቲ እናንተም አብራችሁኝ እዩት፡፡

ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች

የዩሪክ አሲድ ቀመር አምስት ካርቦን፣ አራት ሃይድሮጅን፣ አራት ናይትሮጅንና ሶስት ኦክስጅን ነው፡፡ ቅርጹን ለማየት ሁለት የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶችን አስቡ፡፡ የአንዱ ቤት ስድስት ግድግዳ፣ የሌላው አምስት ግድግዳ ያለው ሲሆን አንዱን ግድግዳ ይጋራሉ፡፡ በጠቅላላው ዘጠኝ ማዕዘን ይኖራቸዋል፡፡ በአምስቱ ማዕዘኖች ላይ ካርቦን፣ በአራቱ ላይ ናይትሮጅን ተቀምጧል፡፡ ኬሚስቶች ቀለበቱ ከካርቦን ብቻ ሳይሆን ከሌላ አቶም ጋር ተቀይጦ ሲሰራ “ሄትሮሳይክሊክ” ይሉታል፡፡ የተቀየጠ ቀለበት እንደማለት ነው፡፡ ይህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት “ፑሪን” የሚል የቤተሰብ ስም አለው፡፡

የፑሪን ቤተሰብ ትልቅና የተከበረ ነው፡፡ የዘር ሐረጋችን የተጻፈባቸው አራት “ፊደላት” ሁለቱ፣ አዴኒንና ጉዋኒን፣ ፑሪኖች ናቸው፡፡ ህዋሶቻችን ኃይል የሚመነዝሩበት ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውልም ፑሪን አለበት፡፡ ጠዋት ጠዋት የሚያነቃን የቡናችን ካፌይን እንኳ ያው ቤተሰብ ነው፤ ያንኑ ዘጠኝ ማዕዘን ይዞ ሁለት ኦክስጅንና ሶስት ሜቲል የተባሉ ቅጥያዎች ለብሶ ይመጣል፡፡ (ቡና ወዳዶች አትደንግጡ፡፡ ሰውነታችን ካፌይንን ወደ ዩሪክ አሲድ አይለውጠውም፤ ቅጥያዎቹን የያዙ የዩሪክ አሲድ ዘመዶች አድርጎ በሽንት ያስወግደዋል፡፡ እንዲያውም ብዙ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች፣ ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ሪህ የሚይዛቸው በቁጥር አነስ ብለው እንደሆነ አሳይተዋል፡፡)

ህዋስ ሲያረጅና ሲፈርስ እነዚህ ፑሪኖች መወገድ አለባቸው፡፡ ሰውነት ደረጃ በደረጃ እያፈረሰ ሃይፖዛንቲን፣ ከዚያ ዛንቲን፣ በመጨረሻም ዩሪክ አሲድ ያደርጋቸዋል፡፡ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች የሚሰራው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፡፡ ስሙን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

ካርቦክሲል የሌለው አሲድ

“አሲድ” ሲባል አቼቶና ሎሚ ትዝ ይለናል፡፡ የአቼቶውም የሎሚውም አሲድነት የሚመጣው ካርቦክሲል ከሚባለው የአቶሞች ቡድን ነው፡፡ ዩሪክ አሲድን ከላይ እስከ ታች ብትፈትሹት ካርቦክሲል አታገኙበትም፡፡ ታዲያ በምን አሲድ ሆነ? አራቱም ሃይድሮጅኖቹ የተቀመጡት በአራቱ ናይትሮጅኖች ላይ ነው፡፡ አንዱ ሃይድሮጅን ትቶ ሲሄድ የሚቀረው ኔጌቲቭ ቻርጅ አንድ ቦታ ታጭቆ አይቀመጥም፤ በቀለበቶቹና በኦክስጅኖቹ ላይ ይሰራጫል፡፡ ሸክም ለብዙ ሰው ሲከፋፈል እንደሚቀለው ሁሉ፣ ሞለኪውሉም ሃይድሮጅኑን ለመልቀቅ አይቸገርም፡፡ ሃይድሮጅኑን ሲለቅ “ዩሬት” ይባላል፡፡

ይህ ዝርዝር ለፈተና ብቻ የሚጠቅም መስሎኝ ነበር፡፡ አይደለም፡፡ ፒኤች 5.5 አካባቢ ላይ ግማሹ ዩሪክ አሲድ፣ ግማሹ ዩሬት ሆኖ ይገኛል፡፡ የደማችን ፒኤች 7.4 ስለሆነ በደም ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ዩሬት ነው፡፡ በደም ውስጥ ደግሞ ሶዲየም ሞልቷል፡፡ ስለዚህ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚረጋው የሶዲየም ዩሬት ጨው ነው፡፡ ሽንት ግን ብዙ ጊዜ ከደም ይልቅ አሲድነቱ ይበዛል፡፡ ከ5.5 ሲወርድ ዩሬቱ ሃይድሮጅኑን መልሶ ይወስድና ዩሪክ አሲድ ሆኖ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሰራል፡፡ አንድ ሞለኪውል፣ ሁለት በሽታ! የዚህ ዓይነት የኩላሊት ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ፖታሲየም ሲትሬት የሚያዝላቸው የሽንታቸውን ፒኤች ከፍ አድርጎ ጠጠሩን ለማሟሟት ነው፡፡

ውሃ የማይወደው ሞለኪውል

አሁን ወደ ሐኪሜ ጥያቄ እንምጣ፡፡ የዩሪክ አሲድ ሞለኪውል እንደ ምጣድ ዝርግ ነው፡፡ በዙሪያው ሃይድሮጅን የሚሰጡ አራት እጆችና የሚቀበሉ ሶስት ኦክስጅኖች አሉት፡፡ እናም ሞለኪውሎቹ ከውሃ ጋር ከመወዳጀት ይልቅ እርስ በርስ እጅ ለእጅ ተያይዘው መደርደር ይመርጣሉ፡፡ ትስስራቸው የጠበቀ ከመሆኑ የተነሳ ዩሪክ አሲድን ብታሞቁት አይቀልጥም፤ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ይፈርሳል እንጂ፡፡ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ኪሎ ያህል ስኳር ማሟሟት ሲችል፣ የሚያሟሟው ዩሪክ አሲድ ግን 60 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፡፡

በሰውነታችን ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ሶዲየም ዩሬት በደም ውስጥ የሚሟሟበት ጣሪያ በአንድ ዴሲሊትር 6.8 ሚሊግራም ገደማ ነው፡፡ ይቺን ቁጥር ልብ በሉ፡፡ ጽሑፌ በሙሉ ቢጠፋባችሁ እሷ ትቅርላችሁ፡፡ ከ6.8 በላይ የሆነ ደም፣ ስኳር ተትረፍርፎበት ሲኒው ስር እንደሚዘቅጥ ሻይ ነው፡፡ ዛሬ ላይዘቅጥ ይችላል፤ ለዓመታትም ላይዘቅጥ ይችላል፡፡ ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሳለ አንድም ቀን ሳያመው ይኖራል፡፡ የመርጋት ዕድሉ ግን ክፍት ነው፡፡

የላቦራቶሪ ወረቀት “ኖርማል” የሚለው ቃል ያታለለኝም እዚህ ላይ ነው፡፡ በብዙ ወረቀቶች ላይ ለወንዶች የተጻፈው የላይኛው ገደብ 7 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፡፡ ያ ገደብ የሚነግረን የብዙ ሰዎች ውጤት የት ላይ እንደሚወድቅ ነው፡፡ ጨው ግን የብዙኃኑን ድምጽ አይሰማም፤ የሚያውቀው 6.8ን ብቻ ነው፡፡

ለምን አውራ ጣት? ለምን ሌሊት? ማር በብርድ ጊዜ ሲረጋ አይታችኋል፡፡ ዩሬትም እንደዚያው ነው፤ ሙቀት ሲቀንስ የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል፡፡ በ30 ዲግሪ ጣሪያው ከ6.8 ወደ 4.5 ገደማ ይወርዳል፡፡ ከልብ በጣም የራቀውና ከሁሉ ቀዝቃዛው መገጣጠሚያ ያለው እግር ጫፍ ላይ ነው፡፡ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከብርድ ልብስ የወጣ አውራ ጣት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፡፡

ሁለት መቶ ዓመት የፈጀ ምርመራ

የዚህን ሞለኪውል ታሪክ ሳነብ ከእኔ በፊት ስንቱ እንደለፋበት ገርሞኛል፡፡ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) ሆላንዳዊው ሊዌንሁክ በ1679፣ ከሪህ ታማሚ እብጠት የወጣውን ነጭ ነገር ራሱ በሰራው ማይክሮስኮፕ አይቶ መርፌ የመሳሰሉ ክሪስታሎች መሆናቸውን መዘገበ፡፡ ምንነታቸውን ግን ማወቅ አይችልም ነበር፡፡ በ1776 በስዊድን ይኖር የነበረው ፋርማሲስት ካርል ሼለ፣ ከጠጠር ውስጥ አዲስ አሲድ ለይቶ አወጣ፡፡ በ1797 እንግሊዛዊው ዎላስተን የሪህ እብጠት ውስጥ ያለው ነገር የዚሁ አሲድ ጨው መሆኑን አረጋገጠ፡፡

የለንደኑ ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በ1848 የሪህ ታማሚዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ አገኘ፡፡ በ1854 ይፋ ያደረገው ዘዴው ቀላል ነበር፡፡ የደሙን ውሃ በዝርግ ሳህን አድርጎ፣ አሴቲክ አሲድ ጠብ አድርጎበት፣ አንድ ክር ይነክርበታል፡፡ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ክሩ ላይ ክሪስታል ተለጣጥፎ ይገኛል፡፡ አንድ ሞለኪውል ከደም ውስጥ ተለክቶ በሽታ ከታወቀባቸው የመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች አንዱ ይህ ክር ነበር፡፡ ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር ደግሞ የፑሪኖችን ቅርጽ አንጥሮ፣ በቤተ ሙከራም ሰርቶ፣ በ1902 የኖቤል ሽልማት ሲወስድ ከተሸለመባቸው ስራዎች አንዱ ይኸው ነበር፡፡

ክሪስታሎቹ በታመመ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ በርግጠኝነት የታዩት በ1961 ነው፡፡ ማካርቲና ሆላንደር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ልዩ ብርሃን በሚጠቀም ማይክሮስኮፕ አሳዩዋቸው፡፡ ዛሬም ቢሆን ሪህን የሚያረጋግጠው ዋናው ምርመራ ይህ ነው፡፡

ይህን ሁሉ ህመም የሚያመጣውስ መርፌው ስለሚወጋ ነው? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፡፡ ጉዳዩ ግን የጠብ ነው፡፡ ነጭ የደም ህዋሶች ክሪስታሉን ወራሪ ጀርም ነው ብለው ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም፡፡ በ2006 በስዊዘርላንድ ሎዛን የነበረው የዩርግ ቾፕ ቡድን እንዳሳየው፣ ክሪስታሉ በህዋሱ ውስጥ ያለውን የማንቂያ ደወል ይደውለዋል፡፡ ኢንተርሊውኪን አንድ የተባለው መልዕክተኛ ይወጣል፣ ሌሎች ህዋሶች ይጎርፋሉ፣ ጣት ይነዳል፡፡ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሰራዊቱ ደክሞት ይበተናል፡፡ ህመሙ ይጠፋል፡፡ ክሪስታሉ ግን እዚያው ነው!

የእኔም የአጎቴም ስህተት ይኸው ነበር፡፡ ህመሙ ሲለቀን በሽታው የለቀቀን መሰለን፡፡

ጥፋቱ የማን ነው?

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪክ አሲድን በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር የሚለውጥ “ዩሪኬዝ” የተባለ ኢንዛይም አላቸው፡፡ ላምም፣ በግም፣ ድመትም አላቸው፡፡ እኛ የለንም፡፡ የሰው ልጅና የጦጣ ወገን የሆኑ የቅርብ ዘመዶቹ ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አጥተውታል፤ ዘረ መሉ ዛሬም ሰውነታችን ውስጥ አለ፤ ግን አይሰራም፡፡ ይህ ለምን እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ፡፡ በ1981 ብሩስ ኤምስና ባልደረቦቹ ዩሪክ አሲድ ሰውነትን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ይከላከላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል፡፡ ስለዚህ መርዝ አይደለም፤ በልኩ ሲሆን ባለሟል ነው፡፡ ዶሮ ደግሞ አለመሟሟቱን ትጠቀምበታለች፡፡ የዶሮ ኩስ ላይ የሚታየው ነጩ ነገር ዩሪክ አሲድ ነው፤ ውሃ ሳታባክን ቆሻሻዋን ታስወግድበታለች፡፡ እንቁላል ውስጥ የታሸገ ጫጩትም በራሱ ቆሻሻ ሳይመረዝ የሚያድገው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

በደማችን ካለው ዩሪክ አሲድ ሁለት ሶስተኛው ገደማ የሚመጣው ከገዛ ህዋሶቻችን ነው፡፡ ከምግብ የሚመጣው አንድ ሶስተኛው ያህል ነው፡፡ በአብዛኛው ታማሚ ላይ ደግሞ ችግሩ ብዙ ማምረት ሳይሆን ኩላሊት በበቂ ሁኔታ አለማስወገዱ ሲሆን፣ ይህም በዘር ይወረሳል፡፡ አጎቴ “ርስት” ያለው እውነቱን ነበር፡፡ ሪህን “የሆዳም በሽታ” እያልን በታማሚው መሳቃችን ግን ግፍ ነው፡፡ በአመጋገብ ብቻ የሚወርደው መጠን ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊግራም ያህል ነው፡፡ 9.1 ላይ ላለ ሰው አይበቃም፡፡

ምግብ ምንም አያደርግም ማለቴ ግን አይደለም፡፡ ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለት በፑሪን የበለጸጉ ናቸው፤ የባለቤቴ ፍርድ ትክክል ነበር፡፡ የቁርጥ ጥፋቱ ጥሬነቱ ሳይሆን ብዛቱ ነው፡፡ ቢራ እጥፍ ጥፋት አለበት፤ አልኮሉ ዩሪክ አሲድ እንዳይወጣ ሲያደርግ የራሱንም ፑሪን ይዞ ይገባል፡፡ ለስላሳ መጠጦችም ነጻ አይደሉም፤ ስኳራቸው ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፡፡ ረጅም ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መዋልም መጠኑን ከፍ ያደርጋል፡፡ የእኔ ፋሲካ እንግዲህ ሁሉንም አሟልቶ ነበር፡፡

ምስርና ሽሮስ? በ2004 “ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን” ላይ የወጣ ጥናት 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ 730 አዲስ የሪህ ታማሚዎች አግኝቷል፡፡ ስጋና የባህር ምግብ የሚያበዙት በብዛት ታመዋል፡፡ ፑሪን ያላቸው አትክልትና ጥራጥሬ የሚያበዙት ግን ከሌላው የበለጠ አልታመሙም፡፡ ሶስት ዓመት ሙሉ ሽሮ የከለከሉኝን ሰዎች ይቅር ብያለሁ፤ ግን አልረሳም!

መድኃኒትም ሊያስነሳው ይችላል፡፡ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ፡፡ በአገራችን ብዙ ሰው የሚወስደው የቲቢ መድኃኒት ፒራዚናማይድም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ፒራዚኖይክ አሲድ (እሱም ባለ ቅይጥ ቀለበት አሲድ ነው) ሲሆን፣ ኩላሊት ዩሬትን እንዳያስወጣ ያደርጋል፡፡ ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ! በተለይ የቲቢን፡፡ ለሐኪማችሁ ንገሩ እንጂ፡፡

ኢንዛይሙን ያታለለው ሞለኪውል

ቅድም ስሙን ያዙልኝ ያልኩት ዛንቲን ኦክሲዴዝ እዚህ ላይ ይመጣል፡፡ ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ፣ ሃይፖዛንቲንን የሚመስል ነገር ግን በትንሹ ቀለበት ላይ አንድ ናይትሮጅንና አንድ ካርቦን ቦታ የተለዋወጡበት ሞለኪውል ሰሩ፡፡ ኢንዛይሙ የለመደውን መስሎት ይይዘዋል፤ ይዞም ይቀራል፡፡ ምርቱ ይቀንሳል፡፡ አሎፑሪኖል ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1966 ነው፡፡ ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1988 የኖቤል ሽልማት ሲጋሩ ኤሊየን የዶክትሬት ዲግሪ ሳትጨርስ ለዚህ የበቃች ሴት ነበረች፡፡

የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2020 ያወጣው መመሪያ ግቡን ከ6 በታች አድርጎታል፡፡ ከ6.8 ዝቅ ያለ ደም ያልተሟላ ሻይ ነው፤ የዘቀጠውን ስኳር መልሶ ያሟሟል፡፡ አሮጌው ክሪስታል በወራትና በዓመታት ውስጥ እየሟሟ ያልቃል፡፡ መድኃኒቱ ከትንሽ መጠን፣ በቀን ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ተጀምሮ በምርመራ እየታየ ይጨመራል፡፡ ክሪስታሉ መሟሟት ሲጀምር መጀመሪያ ወራት ላይ ህመሙ ሊነሳ ስለሚችል ሐኪም መከላከያ አብሮ ያዛል፡፡ ብዙ ሰው “ይባስ አሳመመኝ” ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፡፡ አሎፑሪኖል አልፎ አልፎ በጥቂት ሰዎች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ አለርጂ ስለሚያስከትል፣ ሽፍታ የወጣበት ሰው መድኃኒቱን አቁሞ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፡፡ ስለዚህ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም፡፡ መገጣጠሚያ ሁሉ ሲያምም ሪህ አለመሆኑንም አትርሱ፡፡ በተለይ ትኩሳት ያለው እብጠት መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ መቆየት የለበትም፡፡

እኔ መድኃኒቱን ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው፡፡ የመጨረሻው ውጤቴ 5.3 ነበር፡፡ የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ሁለት ጊዜ አሞኛል፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፡፡ ሽሮዬን እበላለሁ፤ ፋሲካን በልኩ እፈስካለሁ፡፡ ዱለቱን ግን ለባለቤቴ ስል ትቻለሁ፡፡

አጎቴ እንደ እኔ ዕድለኛ አልሆነም፡፡ ሃያ ዓመት ያህል ህመሙ በተነሳ ቁጥር ዲክሎፌናክ ሲወጋና ሲውጥ ኖረ፡፡ ማስታገሻው ህመሙን ያስተኛል እንጂ ዩሪክ አሲድን አይነካም፤ ሲደጋገም ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፡፡ ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት ሲቀጥል ምን እንደሚያደርግ በእሱ አይቻለሁ፡፡ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ዳያሊስስ ይደረግለታል፡፡ ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ስወስደው፣ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣ እያዘጋጀሁ መሆኑን አጫወትኩት፡፡ ስለ ቀለበቶቹ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ 6.8 ነገርኩት፡፡ ዝም ብሎ ሰማኝና “ይቺን ቁጥር ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር” አለ፡፡ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “ለእነ ታናናሾችህም ንገራቸው” አለኝ፡፡

ታናናሾቼን ነግሬያለሁ፡፡ ሁለቱ ተመርምረዋል፤ አንደኛው 7.9 ነው፡፡ አላመመውም፤ ሐኪሙም ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግህም፣ ቢራ ቀንስና በየጊዜው ተመርመር ብሎታል፡፡ እሱ ቢያንስ ቁጥሩን አውቋል፡፡